የተዋሱትን ኅዳግ ስለ መመለስ

ሰኮሩ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች የወረዳ ከተማ ናት። ብዙው መንገደኛ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ ያልፋታል። እኛን ግን ከሰኮሩ ጋር የሚያስተሳስረን አንድ ሠንጠረዥ አለ። ከዓመታት በፊት በዚያ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሳይንስ ክበባቸው አማካይነት አንድ ሥራ ጀምረው ነበር። ጎናቸው ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳዎችን በየቤታቸው ጓሮ አስቀምጠው፣ በየማለዳው የተጠራቀመውን የዝናብ ውሃ በማስመሪያ እየለኩ በደብተር ይመዘግባሉ። 24 ቤት፣ 24 ጣሳ፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13 ወራት።

ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ቀላል አልነበረም። እንደሚታወቀው የቡና አበባ የሚፈካው ከደረቁ ወራት በኋላ በሚጥል ዝናብ ነው። ዝናቡ ቀድሞ ከመጣ፣ ከዘገየ ወይም ጥሎ ከተቋረጠ የገበሬው የዓመት ገቢ አብሮ ይናጋል። አካባቢው የጊቤ ተፋሰስ አካል በመሆኑም በዚያ የሚወርደው ውሃ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረውንና 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ከሚመግበው ውሃ ጋር ይደመራል። ስለዚህ ተማሪዎቹ በጣሳ የለኩት ውሃ የጓሮ ጨዋታ አልነበረም።

ዓመቱ ሲያልቅ ጽሑፉ ተዘጋጀ፤ 41 ገጽም ሆነ። ወደ ጅማ ለተማሪዎች የሳይንስ ሥራዎች ዐውደ ርእይ ከመላኩ በፊት ሊታተምና ሊጠረዝ አንድ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ገባ። እዚያ ችግር ተፈጠረ። የዝናቡ ሠንጠረዥ 15 ዓምዶች ነበሩት፤ አንዱ ለቤቱ መለያ፣ 13ቱ ለወራት፣ የመጨረሻው ለዓመቱ ድምር። ሲታተም የጳጉሜንና የድምር ዓምዶች ከወረቀቱ ውጪ ቀሩ። ጽሑፉን የሚያትመው ወጣት ቅን ሰው ነበርና «መምህር፣ ዳሩን ጠበብ ላድርገውና ይግባ?» አላቸው። መምህሩም እሺ አሉ። ወጣቱ የመላውን ሰነድ ኅዳግ በአራቱም ማዕዘን ወደ 7 ሚሊ ሜትር አወረደው። ሠንጠረዡ ገባ። 41 የነበረው ገጽም 36 ሆነ፤ የወረቀት ዋጋ በመቀነሱ ሁሉም ደስ አላቸው።

ደስታው የቆየው ጽሑፉ እስኪጠረዝ ድረስ ብቻ ነው። የጥረዛው መብሻ በየገጹ በግራ በኩል የእያንዳንዱን መስመር የመጀመሪያ ፊደላት በልቶ አለፈ። በእጅ የተጻፈው ማውጫ የሚያመለክታቸው የገጽ ቁጥሮች ከእውነተኞቹ ገጾች ጋር መጣጣማቸው ቀረ። ሥራውን እንድንመዝን ከተጠየቅነው መካከል እኛም ነበርንና፣ ያንን ጽሑፍ በሁለት እጃችን እየለጠጥን፣ የተበሱትን ቃላት እየገመትን ማንበባችን ትዝ ይለናል። አንብበን ሳንጨርስ የተመደበልን ሰዓት አለቀ። አንድ ሠንጠረዥ እንዲገባ ሲባል 36 ገጽ ተበላሸ። የ24 ቤት ልጆች የዓመት ድካምም በሚገባው መጠን ሳይነበብ ቀረ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ወጣቱን አታሚ መውቀስ አይደለም። ማንም ያላስተማረውን ሰው መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ልንናገር የምንሻው ስለ ራሳችን፣ ማለትም ስለምናስተምረው፣ ስለምንማረውና የአጻጻፍ ደንብ ስለምናወጣው ሰዎች ነው። የአንድን ክፍል ኅዳግ ለጊዜው ለውጦ መልሶ ወደ ቦታው ማምጣት ትንሽ ጥበብ ትመስላለች። እኛ ግን ከሳይንሳዊ አስተሳሰብ መሠረቶች አንዷ እንደ ሆነች እናምናለን።

ኅዳግ ለምን አለ?

«ኅዳግ» የሚለው ቃል ኀደገ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ተወ፣ ለቀቀ ማለት ነው። ኅዳግ እንግዲህ ሆን ተብሎ የተተወ ቦታ ነው እንጂ የባከነ ወረቀት አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ገጹን ከመጻፋቸው በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ እየወጉ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያለ ቀለም እያሰመሩ፣ ጽሑፉ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አስቀድመው ይወስኑ ነበር። የታችኛውን ኅዳግ ከላይኛው አስፍተው መተው የተለመደ ነው። ብራና ውድ ነው፤ አንድ መጽሐፍ የብዙ እንስሳትን ቆዳ ይፈጃል። እንዲያም ሆኖ ጸሐፊዎቹ ኅዳጉን አልሰሰቱትም። አንባቢ የሚይዝበት፣ የተሳሳተው የሚታረምበት፣ የተዘለለው የሚጻፍበት ቦታ እዚያ ነውና። በጅማና በአካባቢዋ ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት የሚገኙ የዐረብኛ ጽሑፎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። በዐረብኛ «ሓሺያ» የሚለው ቃል ኅዳግንም፣ በኅዳግ ላይ የሚጻፈውን ማብራሪያም ያመለክታል።

ሁለተኛው ምክንያት የዓይን ነው። አንባቢ አንድ መስመር ሲጨርስ ዓይኑ ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ይመለሳል። መስመሩ እጅግ ከረዘመ ዓይኑ መንገድ ይስታል፤ ያነበበውን ይደግማል ወይም አንዱን ይዘልላል። በላቲን ፊደል መጻሕፍት የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በአንድ መስመር ከ45 እስከ 75 ፊደላት እንዲሆኑ የሚመክሩት ለዚህ ነው። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አንድ ላይ ስለሚይዝ ይህ ቁጥር እንዳለ አይሠራልንም፤ መርሑ ግን ያው ነው። መስመሩ እጅግ ሲያጥርም ሌላ ችግር ይመጣል። ጥንት ቃላትን ሁለት ነጥብ ስለሚለያቸው ጸሐፊው ቃሉን በመስመር መጨረሻ የትም ቆርጦ ወደ ቀጣዩ መስመር ማሻገር ይችል ነበር። ዛሬ በባዶ ቦታ ስለምንለያቸው ቃሉን መቁረጥ አንባቢን ያሳስታል። በጠባብ ዓምድ ውስጥ ግራና ቀኙ የተስተካከለ የአማርኛ ጽሑፍ በቃላት መካከል ሰፋፊ ክፍተት የሚፈጥረውም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው የጥረዛ ጉዳይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያዎች የግራውን ኅዳግ ከቀኙ እንዲሰፋ የሚያዝዙት ጠራዡ የሚወስደውን ቦታ አስበው ነው። እንግዲህ ኅዳግ የጸሐፊው የግል ንብረት አይደለም፤ የአንባቢው፣ የአራሚውና የጠራዡ ድርሻ ነው። ሲያስፈልገን ልንዋሰው እንችላለን፤ የተዋስነውን ግን መመለስ ይገባናል።

ሦስት የቀድሞ ብልሃቶች

ለጊዜው መዋስና መመለስ በኮምፒውተር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። በብራና መዝሙረ ዳዊት እያንዳንዱ የጥቅሱ ሐረግ በአንድ መስመር እንዲሰፍር ይደረጋል። አንዳንዱ ሐረግ ግን ከመስመሩ ይረዝማል። ጸሐፊው ለዚያ አንድ ሐረግ ብሎ የገጹን ስመር አያፈርስም፤ የተረፉትን ፊደላት ከመስመሩ ጫፍ በላይ ወይም በታች አሳንሶ ይጽፋቸዋል። ቀጣዩ መስመር እንደ ቀድሞው ከቦታው ይጀምራል። ልዩ ሁኔታው ልዩ ሆኖ ይቀራል፤ ደንብ አይሆንም።

በእርሳስ ፊደል ዘመን የነበሩ የማተሚያ ቤት ሠራተኞችም ይህን ያውቁ ነበር። በ1914 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ባሉ ማተሚያ ቤቶች ፊደል ለቃሚው ፊደላቱን የሚደረድረው ስፋቱ በሚስተካከል መደርደሪያ ላይ ነው። ለሠንጠረዥ ስፋቱን ከለወጠ፣ ሠንጠረዡን ሲጨርስ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልመለሰ ቀጣዩ አንቀጽ ከሌሎቹ ጋር ሳይገጥም ይቀራል።

ከሁሉም የሚደንቀው ግን የታይፕራይተሩ ነው። ወላጆቻችን የተገለገሉበት የአማርኛ ታይፕራይተር ግራና ቀኝ ማቆሚያ አለው። ጸሐፊዋ ወደ መስመሩ ጫፍ ስትቃረብ ደወል ያቃጭላል፤ ጥቂት ፊደላት አልፋ ማሽኑ ይቆማል። ቃሉ ሳያልቅ ከቆመባት ግን አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። እርሷን ስትጫን ማሽኑ ማቆሚያውን አልፎ ቃሉን እንድትጨርስ ይፈቅድላታል። ወደ ቀጣዩ መስመር ስትመለስ ማቆሚያው ከቦታው አልተነሣም። ቁልፏ የፈቀደችው ለዚያ መስመር ብቻ ነው። ይህን ማሽን የሠራው መሐንዲስ አንድ ትልቅ ነገር ገብቶታል፦ ጊዜያዊ ፈቃድ የሚያልቅበት ቦታ ከፈቃዱ ጋር አብሮ መሠራት አለበት። ጸሐፊዋ አስታውሳ እንድትመልሰው አልተተወላትም።

ቴኽ እንዴት ያደርገዋል?

ወደ ኮምፒውተር እንመለስ። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1977 የአንዱን መጽሐፋቸውን አዲስ እትም ረቂቅ ሲመለከቱ የፊደላቱ አጣጣል ቅር አሰኛቸውና የራሳቸውን የጽሑፍ ማቀናበሪያ ሥርዓት ለመሥራት ተነሡ። ቶሎ እጨርሰዋለሁ ብለው የጀመሩት ሥራ ዐሥር ዓመት ገደማ ፈጀ። የሥርዓቱ ስም መጨረሻ የግሪኩ «ኺ» በመሆኑ ከእንግሊዝኛው «ክ» ይልቅ የእኛ «ኽ» ይቀርበዋል፤ ስለዚህ «ቴኽ» ብንለው ከስሙ አንርቅም። ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቴኽ ላይ የገነቡት «ላቴኽ» ዛሬ በሒሳብና በፊዚክስ ዓለም የጽሑፍ ሁሉ መደበኛ መሣሪያ ሆኗል። ግዕዝን በላቴኽ የመጻፍ ጥረትም ቀደም ብሎ ተጀምሯል፤ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ጥቅል ለዚህ ምስክር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባና እ.ኤ.አ. በ2004 ዩኒኮድን የሚረዳው «ዚቴኽ» ከወጣ በኋላ ደግሞ ነገሩ እጅግ ቀልሏል።

ላቴኽን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ተማሪ የሚገርመው የኅዳጉ ስፋት ነው። በ10 ነጥብ ፊደል በተለመደው የመጣጥፍ ቅርጽ የጽሑፉ ስፋት 121 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ኤ4 ወረቀት 210 ሚሊ ሜትር ስለሚሰፋ 89 ሚሊ ሜትር ለኅዳግ ተትቷል ማለት ነው። ተማሪው «ወረቀት አባከነ» ብሎ ያማርራል። ሥርዓቱ ያሰበው ግን ከላይ የጠቀስነውን የዓይን መንገድ ነው።

አሁን ሠንጠረዥ መጣ እንበል። ቴኽ ቅንፍ በሚከፈትበት ጊዜ የነበሩትን መጠኖች ሁሉ ያስታውሳል፤ ቅንፉ ሲዘጋ መልሶ ያመጣቸዋል። በቅንፉ ውስጥ የግራውንና የቀኙን ስፋት ብንለውጥ፣ ለውጡ ከቅንፉ አይወጣም። ይህ የታይፕራይተሯ ቁልፍ አቻ ነው። «ቼንጅፔጅ» የተባለው ጥቅል ለዚሁ ያዘጋጀው ክልል ሁለት ቁጥሮች ይቀበላል፤ አንድ ለግራ፣ አንድ ለቀኝ። ቁጥሩ አዎንታዊ ከሆነ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ይገባል፤ አሉታዊ ከሆነ ወደ ኅዳጉ ይወጣል።

እዚህ ላይ ጀማሪውን ሁሉ የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ያስደስታል። ተማሪው ቅንፍ ከፍቶ፣ ስፋቱን ለውጦ፣ አንቀጹን ጽፎ ወዲያው ቅንፉን ይዘጋል። ያትማል፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም! ምክንያቱ ይህ ነው። ቴኽ አንቀጽን በመስመር በመስመር እየቆረጠ አይሄድም። አንቀጹ እስኪያልቅ ድረስ ቃላቱን ሁሉ ይሰበስባል፤ ከዚያ በኋላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለውን አይቶ የተሻለውን አቆራረጥ ይመርጣል። ክኑትና ማይክል ፕላስ ይህን ስልት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት ገልጸውታል። ስለዚህ ቴኽ የሚመለከተው አንቀጹ ሲያልቅ በሥራ ላይ ያለውን ስፋት ነው። ቅንፉ ከአንቀጹ በፊት ከተዘጋ፣ አንቀጹ በሚቆረጥበት ሰዓት ስፋቱ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። መፍትሔው አንቀጹን አስቀድሞ መጨረስ፣ ቅንፉን ቀጥሎ መዝጋት ነው። መመለስ ግዴታ ነው፤ ሥራው ሳያልቅ መመለስ ግን ሥራውን ከንቱ ያደርጋል።

የገጽ ስፋትን በመሃል መለወጥ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። ቴኽ አንድን አንቀጽ ሲያዘጋጅ አንቀጹ በየትኛው ገጽ ላይ እንደሚያርፍ ገና ላያውቅ ይችላል። ጽሑፉን ከአንድ ገጽ በላይ ሰብስቦ ነው ገጹን የሚቆርጠው። በሁለት ፊት በሚታተም ጽሑፍ የጥረዛው ጎን በጎዶሎ ገጽ ግራ፣ በሙሉ ገጽ ቀኝ ስለሆነ፣ «ወደ ውጭ በኩል 13 ሚሊ ሜትር ውጣ» ብሎ ማዘዝ ገጹ ጎዶሎ ወይም ሙሉ መሆኑን ማወቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ሥርዓቱ በመጀመሪያው ዙር የገጹን ቁጥር በረዳት ፋይል ያስቀምጣል፤ በሁለተኛው ዙር አንብቦ ይጠቀምበታል። ተማሪው ያንኑ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ እንዲያስኬድ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ላቴኽ ለሌላቸውስ?

«ይህ ለእናንተ ነው፤ እኛ ያለን ማይክሮሶፍት ወርድ ነው» የሚለን ብዙ ነው፤ እውነቱን ነው። መርሑ ግን በሁለቱም አንድ ነው። በወርድ የገጽ ኅዳግ የሚቀመጠው በምዕራፍ ሳይሆን ሶፍትዌሩ «ሴክሽን» በሚለው ክፍል ነው። ከሠንጠረዡ በፊት አንድ የክፍል ድንበር፣ ከሠንጠረዡ በኋላም ሌላ ድንበር ማስገባት፣ ከዚያ የመካከለኛውን ክፍል ኅዳግ ብቻ መለወጥ ይቻላል። የፊተኛውን ድንበር አስገብቶ የኋለኛውን የረሳ ሰው ለውጡ እስከ ሰነዱ መጨረሻ ሲሄድበት ያያል። ድንበሩን በስሕተት የሰረዘም ይደነግጣል፤ ከድንበሩ በፊት የነበረው ጽሑፍ ከድንበሩ በኋላ ያለውን ቅርጽ ይወርሳልና። ሠንጠረዡ ብቻ ወደ ኅዳግ እንዲወጣ ከተፈለገ ደግሞ የገጹን ኅዳግ ፈጽሞ ሳይነኩ የሠንጠረዡን መነሻ በአሉታዊ ቁጥር ማስቀመጥ ይበቃል።

አሁን የሰኮሩን ሠንጠረዥ እናስላ። የመለያው ዓምድ 31 ሚሊ ሜትር፣ 13ቱ ወራት እያንዳንዳቸው 10 ሚሊ ሜትር፣ ድምሩ 15 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ፤ ጠቅላላው 176 ሚሊ ሜትር ነው። የግራ ኅዳግ 30፣ የቀኙ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለጽሑፍ የሚቀረው 155 ሚሊ ሜትር ነው። የጎደለው 21 ሚሊ ሜትር ብቻ! ከግራ 8፣ ከቀኝ 13 ሚሊ ሜትር ብንዋስ፣ በዚያ ገጽ ላይ በግራ 22፣ በቀኝ 12 ሚሊ ሜትር ይቀራል። መብሻው አይደርስበትም፤ የማተሚያውም ጫፍ አይቆርጠውም። የቀሩት 40 ገጾች አንዳች አይነኩም። ማውጫውም አይናጋም።

ከመዋስ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ሠንጠረዡ በእርግጥ ይህን ያህል መስፋት አለበትን? ወራቱን ወደ ታች፣ ቤቶቹን ወደ ጎን ብናደርግ 25 ዓምዶች ስለሚሆኑ ይብሳል። ገጹን ማጋደም ይቻላል፤ አንባቢው ግን መጽሐፉን ማዞር አለበት። ፊደሉን ማሳነስም ይቻላል፤ በደብዛዛ ኮፒ ላይ ግን 3ና 8ን መለየት ይቸግራል። የዝናብ መጠን ላይ 3ና 8 ከተምታቱ ሳይንሱ ቀረ። እነዚህን ሁሉ መዝነን 21 ሚሊ ሜትር መዋሱ ይሻላል ብለን ስንወስን ውሳኔያችን ምክንያት ያለው ይሆናል።

አቋማችን

«ይህ የጸሐፊ ሥራ እንጂ የሳይንስ ተማሪ ጉዳይ አይደለም» የሚሉን አሉ። አንስማማም። አንድን ለውጥ በክልሉ ውስጥ ማቆየት የፕሮግራም አጻጻፍ ሁሉ ምሰሶ ነው፤ በአንድ ተግባር ውስጥ የተለወጠ መጠን ወደ ሌላው ሾልኮ ሲገባ የሚፈጠረውን ስሕተት ፈልጎ ማግኘት ሌሊት ያሳድራል። በቤተ ሙከራም እንዲሁ ነው። ሚዛኑ ላይ ዕቃ አስቀምጦ ወደ ዜሮ የመለሰው ተማሪ እንደ ነበረ ሳያደርገው ከሄደ፣ ልብ ያላለው ተረኛ የተሳሳተ ክብደት ይመዘግባል። በአገራችን «ጊዜያዊ» የተባለ ነገር ዕድሜው ረጅም እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጊዜያዊ ቢሮ፣ ጊዜያዊ ድልድይ፣ ጊዜያዊ መመሪያ። የሚያበቃበት ቀን ከመጀመሪያው ያልተጻፈለት ጊዜያዊ ነገር ጊዜያዊ አይደለም።

ጉዳዩ ለአካባቢያችን የተለየ ክብደት አለው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 ከተመሠረተ ወዲህ በዙሪያው የሚሰበሰበው መረጃ በዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው የግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከል ሰኮሩን ጨምሮ በግድቡ ዙሪያ ካሉ ወረዳዎች የልደት፣ የሞትና የፍልሰት መረጃ ይሰበስባል። እንዲህ ያለ መረጃ ሰፊ ሠንጠረዥ ይወልዳል። ወደ ገበሬው ደጃፍ በእግር ተሂዶ የተሰበሰበ ቁጥር በመጨረሻው ሰዓት በወረቀት ዳር ተቆርጦ መቅረት የለበትም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ መመሪያ የሚያወጡ ፋኩልቲዎች የኅዳጉን ልክ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም ይጻፉ፤ ሰፊ ሠንጠረዥ ሲያጋጥም እስከ ስንት ሚሊ ሜትር መዋስ እንደሚፈቀድም ይግለጹ። ምክንያቱ የማይታወቅ ደንብ ወይ በጭፍን ይጠበቃል፣ ወይ በጭፍን ይጣሳል። ሁለተኛ፣ የኮምፒውተር ትምህርት የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ከማስጠናት አልፎ፣ ለውጥ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ያስተምር፤ ማውጫንም በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ሶፍትዌሩ እንዲያወጣው ማድረግን ያለማምድ። ሦስተኛ፣ ተማሪዎች ራሳችሁ ከመታተሙ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ። ሰነዱ በኤ4 ልክ መሆኑን እዩ፤ ብዙ ሶፍትዌር የሚጀምረው ከአሜሪካው «ሌተር» ወረቀት ነውና፤ እርሱ ደግሞ ከኤ4 በ6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ በ18 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል። ከዚያም ሠንጠረዡ ያለበትን ገጽና ቀጥሎ ያለውን ገጽ ብቻ አስቀድማችሁ አሳትሙ። የመጀመሪያው መዋሳችሁን፣ ሁለተኛው መመለሳችሁን ይነግራችኋል።

የሰኮሩ ተማሪዎች በቀጣዩ ዓመት ጣሳዎቻቸውን መልሰው አስቀመጡ። ሁለተኛው ጽሑፍ ሲደርሰን መጀመሪያ የገለጥነው ሠንጠረዡ ያለበትን ገጽ ነበር። 15ቱም ዓምዶች አሉ፤ ጳጉሜንም ድምሩም በቦታቸው ናቸው። ከዚያ ገጹን ገለጥን። ኅዳጉ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ በዚያ ባዶ ቦታ ላይም አስተያየታችንን በእርሳስ ጻፍንላቸው።